ሲግ ካዴት ኤልቲ-40ን ከኪት መሥራት፦ ጥያቄም ልምድም እዚህ ክር ላይ

ክንፈ ባልሳ (ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ባለ ሪሞት አውሮፕላን ኪት (ተቆርጦ መጥቶ ራሳችሁ ስለምትገጣጥሙት ስብስብ) በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። መልሱ ለሁሉም እንዲደርስ አንድ ቦታ ብናሰባስበው ይሻላል ብዬ ይህን ክር ከፈትኩ።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ሲግ ካዴት ኤልቲ-40 ነው። ሲግ በአዮዋ ግዛት፣ ሞንቴዙማ በምትባል ትንሽ ከተማ ያደገ የቆየ የሞዴል አውሮፕላን ኩባንያ ነው። ካዴት የሚባሉት ሥራዎቹ ለተማሪ ታስበው የተነደፉ ናቸው። የኤልቲ-40 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 178 ሴንቲ ሜትር ነው። ተሠርቶ ሲያልቅ ከ2.3 እስከ 2.5 ኪሎ ይመዝናል። ለዚህ ክብደት ክንፉ ሰፊ ስለሆነ ቀስ ብሎ መብረር ይችላል። ቀስ ብሎ ሲበር ደግሞ ተማሪው ለማሰብ ጊዜ ያገኛል።

ሳጥኑ ውስጥ የተቆረጡ የባልሳ (በጣም ቀላል እንጨት ነው) ገጾች፣ ረጃጅም ዘንጎች፣ ጥንካሬ ለሚፈልጉ ቦታዎች ስስ ኮምፔንሳቶ፣ ብሎንና ጥቃቅን ዕቃዎች፣ መመሪያ መጽሐፍ እና አንድ ትልቅ ፕላን አለ። ፕላኑ በትክክለኛ መጠኑ የተሳለ ነው። እንጨቱን እሱ ላይ እያስቀመጣችሁ ትገጣጥማላችሁ። ሞተር፣ ባትሪ፣ ሰርቮ (መሪዎቹን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር)፣ ሪሞት፣ ሙጫና አጥንቱን የሚያለብሰው መሸፈኛ ፊልም (ስስ ፕላስቲክ) ለብቻ ነው የሚገዙት። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ኪቱን ገዝቶ ይበሳጫል። ከወዲሁ በጀት ያዙ።

ዋናውን ነገር ግን ከመጀመሪያው ልናገር። የአውሮፕላኑ ጠባይ የሚወሰነው ጠረጴዛ ላይ ነው። ቀጥ ያለና ቀላል አድርጋችሁ ከሠራችሁት በሰላም ይበርላችኋል። ከተጣመመና ከከበደ ጠንካራ ሞተርም ሆነ ውድ ሪሞት አያድነውም። እዚህ ክር ላይ የምጽፈው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ወደዚህ ይመለሳል።

ስለዚህ ከጠረጴዛው ጀምሩ። ፍጹም ጠፍጣፋ መሆን አለበት። እኔ የምጠቀመው የጂፕሰም ቦርድ ቁራጭ ነው። ቀጥ ብሎ ይቆያል፣ እስፒልም በቀላሉ ይገባለታል። ከሱ በላይ ፕላኑን ዘርጉ። ከፕላኑ በላይ ደግሞ ሙጫ እንዳይዘው ስስ ፕላስቲክ አልብሱት።

ጠይቁ እንግዲህ።


ሰሚት ሰፈር (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ ደስ የሚል ክር ነው። ግን እውነቱን ልጠይቅህ። ከፎም ተሠርተው፣ ተገጣጥመው የሚመጡ አውሮፕላኖች አሉ። ባትሪ ከቶ ማብረር ሲቻል ይሄን ሁሉ ድካም ለምን? ደግሞ እዚህ አዲስ አበባ ባልሳ ከየት ይመጣል? እኔ መሥራቱን እወደዋለሁ፤ ከየት እንደምጀምር ነው የቸገረኝ።


ጋሽ ፕሮፔለር (ፍራንክፈርት)

ሰላም ልጆች። በዚህ ነገር ላይ ከክንፈ ትንሽ እለያለሁ። ለጀማሪ መጀመሪያ ፎም ይሻለዋል እላለሁ። በዚህ ሙያ ብዙ ልጆች ሲጀምሩም ሲተዉም አይቻለሁ። ክረምቱን ሙሉ የሠራው ባልሳ በመጀመሪያው ማረፍ ሲሰበር ልጁ ቅስሙ አብሮ ይሰበራል። ፎም ሲወድቅ በሙጫ ተለጥፎ ያኑ ቀን ተመልሶ ይነሳል። እጅ እስኪለምድ ፎም፣ ከዚያ ባልሳ። የኔ ምክር ይሄ ነው።


ክንፈ ባልሳ (ሜሪላንድ)

ጋሼ፣ የሚሉት ገብቶኛል። የሚሰበር ቅስም እኔም አይቻለሁ። እርስዎ የሚሉት መንገድ ብቻውን ማብረር ለሚማር ሰው ትክክል ነው። ክለብ ውስጥ አሠልጣኝ ያለው ሰው ግን ሌላ መንገድ አለው። ሁለት ሪሞት በገመድ ወይም በሬዲዮ ይያያዛል። ተማሪው ያበራል፣ አሠልጣኙ ጣቱን ማብሪያው ላይ አድርጎ ይጠብቃል። አውሮፕላኑ ሲያዘነብል አሠልጣኙ በቅጽበት ይረከባል። በዚህ መንገድ የተማሩ ሰዎች የመጀመሪያውን ባልሳቸውን ሳይሰብሩ ወደ ሁለተኛው ተሻግረዋል። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ሲሙሌተርም አለ። በተለይ አውሮፕላኑ ወደ እናንተ ሲመጣ ግራና ቀኝ ይገለበጥባችኋል። ያንን ግራ መጋባት በነጻ የምትጨርሱት እዚያ ላይ ነው።

ሰሚት፣ «ለምን ይሄን ሁሉ ድካም» ላልከው። ተገጣጥሞ የመጣ አውሮፕላን ሲበላሽ ውስጡ ምን እንዳለ አታውቅም። ራስህ የሠራኸውን ግን እያንዳንዱን ጎድን (ለክንፉ ቅርጽ የሚሰጡትን ስስ እንጨቶች) ታውቀዋለህ። የቱ ቦታ ጭነት እንደሚሸከም፣ የቱ ቦታ ለቅርጽ ብቻ እንደተቀመጠ ይገባሃል። ለመጠገን አትፈራም። በኋላ የራስህን ንድፍ ለማውጣትም መሠረቱ ይሄ ነው።

ባልሳ በብዛት የሚመጣው ከኢኳዶር ነው። ቀላል ስለሆነ እንጂ ሌላ ተአምር የለውም። ለሞዴል የሚመረጠው በኪዩቢክ ሜትር ከ100 እስከ 200 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። አዲስ አበባ ሆነህ ባልሳ እስክታገኝ አትቁም። የአርክቴክቸር ተማሪዎች ሞዴል የሚሠሩበትን ፎም ቦርድ አስበው። 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውና ቀላሉ ይሁን። ፍላይት ቴስት የሚባሉት የኦሃዮ ልጆች በዚሁ ፎም ቦርድ የሚሠሩ አውሮፕላኖችን ፕላን በነጻ ለቀዋል። ከተር፣ ማስመሪያ፣ ትኩስ ሙጫና ፕላስተር ይበቃሃል። እሱም ቢሆን ከፕላን ተነስቶ መሥራት ነው።


ማርታ የአዳማዋ

ሰላም ነው? ሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ሙጫው የትኛው ነው? ሱፐር ግሉ ለሁሉም ይሆናል ወይስ ይለያያል? ሁለተኛ፣ ክንፉ ባዶ አጥንት ሆኖ ሳየው እንዴት 2 ኪሎ ተኩል እንደሚሸከም አይገባኝም። ጥንካሬው የት ነው ያለው?


ክንፈ ባልሳ (ሜሪላንድ)

ማርታ፣ ጥሩ ጠየቅሽ። ሁለተኛውን ላስቀድመው፤ የሥራው ልብ እሱ ነው።

ክንፍ ሲበር ወደ ላይ መታጠፍ ይፈልጋል። ላይኛው ፊቱ ይጨመቃል፣ ታችኛው ይሳባል። ስለዚህ ላይና ታች ሁለት ረጃጅም ዘንጎች አሉ፤ ስፓር ይባላሉ። በሁለቱ ስፓሮች መሃል፣ ከጎድን እስከ ጎድን ስስ የባልሳ ቁራጭ ይለጠፋል። የቁራጩ የእንጨት መስመር ወደ ላይ የቆመ መሆን አለበት። ይሄን ብዙ ሰው ቸል ይላል። መስመሩ ተኝቶ ከለጠፍሽው ጭነት ሲመጣ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ቆሞ ከተለጠፈ ሁለቱ ስፓሮች እንዳይቀራረቡ ይይዛቸዋል፤ በአንድነትም እንደ ወፍራም ተሸካሚ ይሠራሉ። አንቺ በትምህርትሽ የምታውቂው የአይ ቅርጽ ብረት ማለት ይኸው ነው።

ጎድኖቹ ዋና ሥራቸው የክንፉን ቅርጽ መጠበቅ ነው። የክንፉ ፊት ላይ፣ ከአፍንጫው እስከ ስፓሩ ድረስ ስስ ባልሳ ላይና ታች የሚለበስባቸው ንድፎችም አሉ። ያ ሲዘጋ እንደ ቱቦ ስለሚሆን መጠምዘዝን በደንብ ይቋቋማል።

ግራና ቀኝ ክንፍ መሃል ላይ ሲገናኙ ትንሽ ወደ ላይ ቀና ይላሉ። ይህ ቀና ማለት አውሮፕላኑ ሲያዘነብል ራሱ እንዲስተካከል ይረዳዋል። መጋጠሚያው ላይ የኮምፔንሳቶ ማያያዣ ይገባል። መላው አውሮፕላን የሚንጠለጠለው በዚህች ቦታ ነው። እዚህ ላይ አትቸኩዪ።

ወደ ሙጫው ስመለስ፣ ቀጭኑ ሱፐር ግሉ ገጥመው ለተቀመጡ ስስ መጋጠሚያዎች ጥሩ ነው፤ ራሱ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ክፍተት ካለ ግን አይሞላም። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ መስኮት ክፈቺ። ነጭ የእንጨት ኮላ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ግን በብርጭቆ ወረቀት ስታሽው ከባልሳው ጋር እኩል ይወርዳል። ሱፐር ግሉ ደርቆ ከባልሳው ስለሚጠነክር ስታሽው እሱ ይቀራል፣ እንጨቱ ጎድጉዶ ይበላል። ሞተሩ ለሚታሰርበት የፊት ግድግዳና ለክንፉ መሃል ማያያዣ ደግሞ በ30 ደቂቃ የሚደርቀውን ኢፖክሲ ተጠቀሚ። የ5 ደቂቃው እንጨት ውስጥ ሳይገባ ይደርቃል።

ብዙ ሙጫ ጥንካሬ አይደለም፣ ክብደት ነው። በተለይ ጅራት ላይ። ጅራት ከሚዛኑ ነጥብ ሩቅ ስለሆነ እዚያ የጨመርሽው 10 ግራም አፍንጫው ላይ ከ20 እስከ 30 ግራም እርሳስ ያስጨምርሻል።


ቴክሳስ ሐበሻ (ዳላስ)

ክንፈ፣ ደርሰህልኛል። የኔ ሌላ ኪት ነው፣ ግን ችግሩ ለሁሉም ይሆናል። ክንፉ አጥንቱን ሳለ ቀጥ ያለ ነበር። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ አይቼዋለሁ። ፊልሙን በካውያ ለብጬ ከጨረስኩ በኋላ ግን የቀኙ ክንፍ ጫፍ ተጠምዝዟል። የኋላው ጠርዝ ወደ ታች ወርዷል። ፊልሙን ልገሽልጠው ወይስ እንዲሁ ይበር? ልጄ በየቀኑ «መቼ ነው የምናበረው» ይለኛል።


ጋሽ ፕሮፔለር (ፍራንክፈርት)

ልጄ፣ እንዲሁ አታብረው። የክንፍ ጫፍ የኋላ ጠርዝ ወደ ታች ከወረደ ያ ጫፍ አየሩን በትልቅ ማዕዘን ነው የሚገናኘው ማለት ነው። ለማረፍ ቀስ ስትል መጀመሪያ አየር የሚለቀው፣ ማለትም መሸከም የሚያቆመው፣ እሱ ይሆናል። አንዱ ክንፍ ብቻ ሲለቅ አውሮፕላኑ ወደዚያው ተገልብጦ ይገባል። መሬት አጠገብ ከሆነ የምታደርገው የለም።

ደግነቱ መገሽለጥ አያስፈልግህም። ፊልም ሙቀት ሲነካው ይኮማተራል፣ ይወጠራል። አንዱ ፊት ከሌላው በላይ ሲወጠር ክንፉን ይጠመዝዘዋል። ይህ ለብዙ ሰው የሚደርስ ነገር ነው። መድኃኒቱም ያው ሙቀት ነው። አንድ ሰው ይርዳህ። ክንፉን ይዞ በተቃራኒው አቅጣጫ ይጠምዝዘው፤ ከሚፈለገው ትንሽ አልፎ ይሂድ። አንተ በዚያ ጊዜ ላዩንም ታቹንም በሙቅ አየር አሙቀው። ጥምዝ ሆኖ እያለ ፊልሙ ላይ ሰያፍ ሽብሽብ ይወጣል። ያ ሽብሽብ እስኪጠፋ አሙቅ። ከዚያ ሳይለቀው እስኪበርድ ይያዝ። ወዲያው ከለቀቃችሁት ይመለሳል። ጠረጴዛ ላይ አድርገህ ፈትሸው፣ ካልበቃው ድገመው።

ለወደፊቱ ደግሞ ስትለብጥ መጀመሪያ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ አጣብቅ። ላይና ታች ሁለቱም ፊቶች ከተለበጡ በኋላ ነው መወጠር የሚጀመረው። አንዱን ፊት ጨርሰህ ወጥረህ ወደ ሌላው አትሂድ። ክንፉ አጥንቱን ሳለ ለመጠምዘዝ ደካማ ነው፤ ጥንካሬውን የሚጨርስለት ፊልሙ ራሱ ነው።

ሁለቱም ጫፎች እኩል ሆነው የኋላ ጠርዛቸው ትንሽ ወደ ላይ ቀና ቢል ግን አትንካው። እሱ ይጠቅማል። አንዳንድ ንድፎች ላይ ሆን ተብሎ ይደረጋል።


ኤሌክትሪሺያኑ (ሲያትል)

የሞተሩን ነገር እኔ ልያዘው። ኤልቲ-40 ሲነደፍ ለነዳጅ ሞተር ነበር፤ ስሙ ላይ ያለው 40 የሞተር መጠን ነው። አሁን ብዙ ሰው ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይረዋል። እኔም ያንን ነው የምመክረው። ዘይት የለም፣ ጩኸት የለም፣ ሜዳ ላይ ለማስነሳት መታገል የለም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ለተማሪ አውሮፕላን በኪሎ 200 ዋት አካባቢ ይበቃል። 2.4 ኪሎ ከሆነ ወደ 500 ዋት ገደማ ያስፈልጋል። ባለ 4 ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ 14.8 ቮልት ነው። 500ን ለ14.8 ስታካፍሉት ወደ 34 አምፔር ይመጣል። ስለዚህ የፍጥነት መቆጣጠሪያው ባለ 50 ወይም ባለ 60 አምፔር ይሁን። ሳይጨነቅ ይሠራል። ፕሮፔለሩን ከ12 በ6 ጀምሩ። የመጀመሪያው ቁጥር በኢንች ስፋቱ ነው። ሁለተኛው በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት ነው። ከዚያ በዋትሜትር ለኩ። በግምት አትሂዱ።

ሞተሩ ስትገጥሙት ትንሽ ወደ ቀኝና ትንሽ ወደ ታች ማየቱ ጥፋት መስሏችሁ አታስተካክሉት። ፕላኑ ላይ እንደዚያ ነው። ፕሮፔለሩ ሲሽከረከር አፍንጫውን ወደ ግራ ይጎትታል፤ ጋዝ ሲሰጥ ደግሞ ወደ ላይ ያነሳዋል። ማዕዘኑ ይህን ለማካካስ ነው።

ሊፖ ባትሪ ሲበዛ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአንድ ሴል ከ4.2 ቮልት በላይ አይሞላ፣ ከ3 ቮልት በታች አይውረድ። ለማስቀመጥ 3.8 አካባቢ ይሁን። እየሞላ ጥላችሁት ከቤት አትውጡ። ያበጠ ባትሪ አትሙሉ። ቤት የሚያቃጥል ነገር ነው፣ በዚህ ላይ ቀልድ የለም።


የበረራ ቴክኒሻን (አዲስ አበባ)

የዳያስፖራ ወንድሞቻችን የረሱት አንድ ነገር አለ። ከፍታ። ሥራዬ ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ላይ ነው፣ ግን ፊዚክሱ አንድ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ጠለል በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ክንፉ የሚይዘው አየር አነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ያው አውሮፕላን እንዳይወድቅ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ፍጥነት በ12 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ለክንፈ አውሮፕላን አሰላሁት። የክንፉ ስፋት 0.58 ካሬ ሜትር፣ ክብደቱ 2.4 ኪሎ ብለን እንያዝ። ሜሪላንድ ላይ በሰዓት 27 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከሆነ፣ እዚህ ወደ 30 ይጠጋል። 3 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይመስላል። ለጀማሪ ሲያርፍ ግን ይታወቃል።

አዲስ አበባ ላይ እንደ ሜሪላንዱ ቀስ ብሎ እንዲበር ከፈለጋችሁ ክብደቱ በአንድ አምስተኛ መቀነስ አለበት። 2.4 የነበረው ወደ 1.9 ኪሎ ይወርዳል። ኪቱን አንድም ግራም ሳይባክን ብትሠሩት እንኳ ይህን ሁሉ መቀነስ ይከብዳል። ግን በቀነሳችሁት መጠን ትጠቀማላችሁ። ክንፈ ስለ ቀላልነት የሚለው ለእሱ ምክር ነው፣ ለእኛ ግዴታ ነው።

ፕሮፔለርም ያው ነው። በአንድ ዓይነት ዙር ግፊቱ በአንድ አምስተኛ ይቀንሳል። የነዳጅ ሞተር ከሆነ ራሱም አየር ስለሚያጥረው በሁለት በኩል ይጎዳል። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ሸክሙ ስለሚቀልለት ተለቅ ያለ ፕሮፔለር ይችላል። 12 በ6 የነበረውን 13 በ6 አድርጋችሁ አምፔሩን መልሳችሁ ለኩ። ሀዋሳ ወይም አዳማ ያላችሁ ከኛ ዝቅ ስለምትሉ ልዩነቱ ያንስላችኋል። ድሬዳዋ ደግሞ ዝቅ ብትልም ሙቀቱ አየሩን ያሳሳዋል።


ሰሚት ሰፈር (አዲስ አበባ)

ወንድሜ ቴክኒሻን፣ ይሄን የትም አላገኘሁትም ነበር። በይነመረብ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ ለባሕር ጠለል መሆኑን ዛሬ ነው ልብ ያልኩት። በፎም ቦርዱ ልጀምር ወስኛለሁ። ክብደቱን በወጥ ቤት ሚዛን እየመዘንኩ እዚህ እጽፋለሁ።


ክንፈ ባልሳ (ሜሪላንድ)

ቴክኒሻን፣ እጅህ ይባረክ። ይህ ክር የተከፈተው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

አሁን ስለ ሚዛን። አካሉ ተለብጦ፣ ሞተሩ፣ ሰርቮዎቹና ባትሪው ሁሉ ገብተው ሲያልቁ የስበት ማዕከሉ ይፈተሻል። ፕላኑ ላይ ነጥቡ ተመልክቷል። በአብዛኞቹ የተማሪ አውሮፕላኖች ከክንፉ የፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዙ ካለው ርቀት፣ ከፊት ተነስቶ ከ25 እስከ 33 በመቶው ላይ ይውላል። ሁለት ጣታችሁን ከክንፉ ሥር እዚያ ነጥብ ላይ አድርጋችሁ አንሱት። አፍንጫው ትንሽ ዝቅ ካለ መልካም ነው። ጅራቱ ከወረደ እንዳታበሩት። አፍንጫው የከበደ አውሮፕላን ይሰንፋል፣ ግን ይበራል። ጅራቱ የከበደ ግን መቆጣጠሪያው ትንሽ ሲነካ ይዘላል፣ የሚያቆመውም አይገኝም።

እርሳስ ከመጨመራችሁ በፊት ባትሪውን ወደፊት ግፉት። ባትሪው ከባዱ ዕቃ ስለሆነ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ብዙ ይለውጣል። የባትሪውን ማስቀመጫ አካሉ ሳይዘጋ ረዘም አድርጋችሁ ሥሩት። ከተዘጋ በኋላ መቁረጥ ያናድዳል።

የግራና ቀኙንም ፈትሹ። ከአፍንጫና ከጅራት ይዛችሁ አንሱት። አንዱ ክንፍ ከወረደ ሌላኛው ጫፍ ላይ ትንሽ ክብደት ይለጠፍ። ከዚያ በሲባጎ ከጅራቱ መሃል እስከ ሁለቱ የክንፍ ጫፎች ለኩ። ርቀቱ እኩል መሆን አለበት። ከኋላ ቆማችሁ ስታዩት የጅራቱ አግድም ክንፍ ከዋናው ክንፍ ጋር አንድ መስመር ይያዝ። ዓይን በጣም ጎበዝ መሣሪያ ነው፣ እመኑት።


እናት በቨርጂኒያ (አሌክሳንድሪያ)

ሰላም ወንድሞች። ልጄ ይህን ነገር ወዶ ከትምህርት ቤት ሲመጣ እንጨት ሲያሽ ነው የሚያመሸው። ደስ ብሎኛል፣ ከስልክ ይሻላል። ግን የት ነው የሚያበረው? ጎረቤቴ እዚህ አካባቢ ፖሊስ ይይዛችኋል ብላ አስፈራራችኝ። ሕጉ እንዴት ነው?


ክንፈ ባልሳ (ሜሪላንድ)

እህቴ፣ ጎረቤትሽ አልተሳሳተችም። ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ልዩ ሕግ አለ። ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ 15 ማይል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ማንኛውንም ሰው አልባ በራሪ ማብረር ክልክል ነው። ሞዴል አውሮፕላንም ይጨምራል። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሁሉም በዚህ ክልል ውስጥ ናቸው። የሠፈር ሜዳ ባዶ ቢሆንም አይሆንም። ከ15 ማይል ውጭ ያሉ ክለቦች አሉ፤ ቅዳሜ ወይም እሑድ ይዘሽው ሂጂ።

በመላው አሜሪካ ደግሞ ከ250 ግራም በላይ የሆነ ሞዴል ካላችሁ በፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር መመዝገብ አለባችሁ። ክፍያው 5 ዶላር ነው፣ ለ3 ዓመት ያገለግላል፤ ለመዝናኛ የምታበሯቸውን ሁሉ በአንድ ቁጥር ይሸፍናል። ቁጥሩ አውሮፕላኑ ላይ ይለጠፍ። ትረስት የሚባል ነጻ የደህንነት ፈተናም በኢንተርኔት አለ። አጭር ነው። ልጅሽ ራሱ ይፈተን፣ ብዙ ይማርበታል። ቁጥጥር በሌለበት አየር ክልል ከ400 ጫማ በላይ አይወጣም። በሬዲዮ መታወቂያ የሚልክ መሣሪያም ይጠየቃል፤ ለሞዴል ተብሎ በተፈቀደ የክለብ ሜዳ ላይ ከሆነ ግን አያስፈልግም። ክለብ የምልበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። አካዳሚ ኦፍ ሞዴል ኤሮኖቲክስ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው፤ አባላቱ ኢንሹራንስ ያገኛሉ። በአካባቢሽ ያለውን ክለብ እነሱ ዘንድ ፈልጊ።

አዲስ አበባ ላላችሁ፦ ድሮን ያለ ፈቃድ ወደ አገር ማስገባት አይቻልም፣ ጉዳዩን የሚያየው ኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር) ነው። ባለ ሪሞት አውሮፕላን ጉምሩክ ላይ ሲታይ ከድሮን ተለይቶ ይታያል ብላችሁ አትተማመኑ። ዕቃ ከመላኩ በፊት ጠይቁ። ሠርታችሁ ከማብረራችሁም በፊት እንዲሁ። ቦሌ አካባቢ ደግሞ በጭራሽ።


ጋሽ ፕሮፔለር (ፍራንክፈርት)

ጀርመን ላላችሁ ልጨምር። እዚህ ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። የቤት ኢንሹራንሳችሁ ሞዴል አውሮፕላንን ይሸፍን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ። ከ250 ግራም በላይ ከሆነ ባለቤቱ ይመዘገባል፣ ቁጥሩም አውሮፕላኑ ላይ ይለጠፋል። የክለብ አባል ስትሆኑ ብዙው በክለቡ በኩል ያልቃል።


ማርታ የአዳማዋ

ይቅርታ ከርዕስ ትንሽ ልውጣ። እኔ በልቤ ያለው «ፀሐይ»ን በሞዴል መሥራት ነው። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1935 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመችው። ጣሊያን ወስዷት እ.ኤ.አ. ጥር 2024 ነው የተመለሰችው። እሷን በባልሳ መሥራት ይቻላል? ማንም አልሞከረም?


ጋሽ ፕሮፔለር (ፍራንክፈርት)

ልጄ፣ ይሄን የመሰለ ሐሳብ ከርዕስ መውጣት አይደለም። ይቻላል። መጀመሪያ ግን አንድ የተማሪ አውሮፕላን ጨርሺ። የእውነተኛ አውሮፕላን ሞዴል ሲያንስ ጠባዩ ይከብዳል፤ ጅራቱ ትንሽ ይሆናል፣ ክብደቱ ይጨምራል። ከዚያ ሦስት ነገር ሰብስቢ። ከጎን፣ ከላይና ከፊት የተነሱ ፎቶዎች ያስፈልጉሻል። ትክክለኛ ርዝመቷንና ክንፏ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንት እንደሆነም ፈልጊ። ከዚያ ግልጽ የሆነ አንድ መጠን ምረጪ፣ ለምሳሌ አንድ ስድስተኛ። ጎድኖቹን በኮምፒውተር ስዪና በሌዘር ይቆረጡ። ፕላኑን ስትጀምሪ እዚህ አሳዪን። እኔ የክንፉን ስፓር አብሬሽ አሰላለሁ።


የበረራ ቴክኒሻን (አዲስ አበባ)

ማርታ፣ እኔም አለሁ። የአዲስ አበባን አየር ግምት ውስጥ አስገብተን ነው የምናሰላው። እሷም በዚሁ አየር ነው የበረረችው።


ቴክሳስ ሐበሻ (ዳላስ)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ክንፉ ቀጥ አለ! ባለቤቴ ይዛ፣ እኔ እያሞቅኩ፣ ሁለቴ ደግመን ነው። ጠረጴዛ ላይ አራቱም ማዕዘን ይነካል። አሁን ለመጀመሪያው በረራ ምን በምን ቅደም ተከተል ልፈትሽ?


ክንፈ ባልሳ (ሜሪላንድ)

እንኳን ደስ አላችሁ! ለባለቤትህም ሰላም በልልኝ።

ሪሞቱ ሁልጊዜ ቀድሞ ይበራል፣ አውሮፕላኑ ቀጥሎ። ሲጠፋ በተቃራኒው። ፕሮፔለር እያለ ባትሪ ስትሰካ ከፊቱ አትቁም፤ ልጁንም ከኋላ አቁመው።

መሪዎቹን ከኋላ ቆመህ ተመልከት። ወደ ቀኝ ስትሰጥ የቀኙ ኤለሮን (ክንፉ ኋላ ላይ ያለው መሪ) ወደ ላይ ይነሳል። የሪሞቱን ዱላ ወደራስህ ስትስብ ኤሌቬተሩ (የጅራቱ አግድም መሪ) ወደ ላይ ይነሳል። ይሄ ተገልብጦ የሚነሳ አውሮፕላን በየክለቡ ይታያል። ስለዚህ ሌላ ሰው ጮክ ብሎ እያነበበ አንተ አድርግ። ማጠፊያዎቹን በጣትህ ሳብ ሳብ አድርግ፤ የሚላቀቅ ካለ አሁን ይላቀቅ።

ቀጥሎ የሬዲዮ ርቀት ፈተና ነው። ሪሞቶች ኃይላቸውን ቀንሰው የሚፈትኑበት አማራጭ አላቸው። በዚያ ላይ አድርገህ 30 እርምጃ ያህል ራቅ። ሞተሩ ጠፍቶም፣ በርቶም መሪዎቹ መታዘዛቸውን እይ። ሞተር ሲበራ ብቻ የሚንቀጠቀጡ ከሆነ የተቀባዩን አንቴና ከኤሌክትሪክ ሽቦዎቹ አርቀው።

ነፋስ የሌለበትን ጠዋት ምረጥ። አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙር። ጋዙን ቀስ ብለህ ስጥ፣ በመሬት ላይ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ራደሩን (የጅራቱን ቋሚ መሪ) ያዝ። ሲነሳ ወዲያው አታዙረው፤ ከፍታ ይያዝ። ከፍ ብሎ እያለ ጋዙን ቀንስና ቀስ ሲል ምን እንደሚያደርግ እይ። ስታሳርፈው የሚያሳየው ጠባይ ያው ነው፣ እዚያ ላይ ስትተዋወቀው ግን ለማስተካከል ቦታ አለህ። በክለብህ ልምድ ያለው ሰው ካለ የመጀመሪያውን እሱ ያብረው፤ ማስተካከያውን ከጨረሰ በኋላ አንተ ተረከብ።


ሰሚት ሰፈር (አዲስ አበባ)

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። የአክስቴ ልጅ ከሲያትል ይመጣል። ፈቃዱን እየጠየቅኩ ነው። ቢፈቀድልኝ የሊፖ ባትሪ በአውሮፕላን ማምጣት ይችላል?


ኤሌክትሪሺያኑ (ሲያትል)

በእጅ ሻንጣ ብቻ። ወደ ታች በሚገባው ሻንጣ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ አይፈቀድም። ገደቡ የሚታየው በዋት ሰዓት ነው፤ ቮልቱን በአምፔር ሰዓት ታበዛዋለህ። ለፎም ቦርድህ የሚበቃው ባለ 3 ሴል 2,200 ሚሊ አምፔር ሰዓት 24 ዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ከ100 በታች ስለሆነ ልዩ ፈቃድ አያስፈልገውም። የሽቦዎቹን ጫፎች በፕላስተር ይሸፍን፣ እያንዳንዱን ለየብቻ በፌስታል ያድርገው፣ በአንድ ሴል ወደ 3.8 ቮልት ዝቅ አድርጎ ይያዝ። በቁጥር ስንት እንደሚፈቀድለት ትኬቱን የቆረጠበትን አየር መንገድ ይጠይቅ። ሲያትል ከሆነ ይደውልልኝ፤ ቻርጀሩን እኔ አብሬ እልክልሃለሁ።